የሰማዩንም ካርታ አውጡልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር

ክቡር ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጎሮ ወዲያ ካለ ሰፈር ነው፣ ልብስ ስናሰጣ ቀና ካልን የአውሮፕላን ጎማ የምናይበት ሰፈር። እንድጽፍ ያደረገኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቅዳሜ ማታ ደውሎ "ጋሼ፣ ከዱከም አለፍ ብሎ ቦታ አግኝቻለሁ፣ ካርታ አለው፣ ደላላው አዲሱ የቢሾፍቱ ኤርፖርት ስራ ሲጀምር ዋጋው ሰማይ ይነካል እያለ ነው" አለኝ። እኔ ደሞ ሰማዩ ራሱ ነው ያሳሰበኝ፣ በሰማይ የተነሳ የተቀጣሁ ሰው ነኝና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሄን ቦታ ስገዛ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፣ ካርታ አለው ወይ? አለው ተባልኩ፣ እውነትም ነበረው። አንድ ፎቅ ሰርተን ገባን፣ ልጆች ሲያድጉ ሁለት ፎቅ እንጨምርና አንዱን እናከራያለን ብለን አሰብን፣ ኢንጂነሩ ፕላኑን ሰራ፣ ብረት ሁሉ ገዝተን ግቢ ከምረን ነበር (ረክሶ አይደለም፣ ነገ ይብሳል ብለን ነው)። ከዛ አንድ ቢሮ ያለ ልጅ ፋይሉን ገልጦ "እናንተ እኮ የበረራ መስመር ስር ናችሁ፣ የከፍታ ፈቃድ አምጡ" አለን። የከፍታ ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሰባት ወር ተመላለስኩ፣ አንዱ ጋ ስሄድ እዛኛው ጋ ነው፣ እዛኛው ጋ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ፎቅ ብቻ ተፈቀደልኝ፣ የተረፈው ብረት እስካሁን ግቢ ውስጥ እየዛገ ነው። የሸጠልኝንም ሰው ቢሮውንም ስም አልጠራም፣ ክስ ይዤ አልመጣሁም። ህጉ ራሱ ልክ ነው። ያቃጠለኝ ብሩን ከመክፈሌ በፊት አንድም ሰው ትንፍሽ አለማለቱ ነው።

ያን ሰሞን በንዴት ማንበብ ጀመርኩ። የአለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያወጣው መስፈርት አለ። ትልልቅ ጄት የሚያርፍበት ራንዌይ (ማኮብኮቢያ) ጫፍ ላይ በአይን የማይታይ፣ ከሱ በላይ ምንም ነገር እንዳይወጣ የሚከለከል ዘንበል ያለ ጣሪያ ተዘርግቷል ብለው ያስቡት፣ ከጫፉ 60 ሜትር ርቆ ይጀምርና በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ከፍ እያለ ይሄዳል። አንድ ኪሎ ሜትር ርቀው ቢቆሙ ጣሪያው ወደ 19 ሜትር አካባቢ ነው፣ ስድስት ፎቅ ቢሆን ነው፣ ያውም መሬቱ ከራንዌዩ እኩል ከሆነ። ኮረብታ ላይ ከሆኑ ኮረብታው ከሂሳቡ ይቀነሳል። በዙሪያው ደሞ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ 45 ሜትር የሚል ሌላ ገደብ አለ። ቤት ብቻ እንዳይመስልዎት፣ የውሃ ታንከር ማማ፣ አንቴና፣ ባህር ዛፍ ሁሉ ይቆጠራል።

ለምን እንደዛ እንደሚጠነቀቁም ገባኝ። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ክንፉም ሞተሩም ቆላ ላይ እንደሚሰሩት አይሰሩም፣ ስለዚህ የተጫነ አውሮፕላን ብዙ ሮጦ ነው የሚነሳው፣ ተነስቶም ቶሎ ከፍ አይልም። ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ እየሞላ ሲመለስ ግን ሳይቆም የሚመጣው ለዚህ ነው፣ ከዚህ ሙሉ ሰውና ለዛ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ሌሊት መስኮታችን ሲንቀጠቀጥ ፓይለቱን አንረግምም ለማለት ነው። ውሻችንማ መጮህ ከተወ ቆየ።

ክቡር ሚኒስትር፣ ይሄ የኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም፣ የአዲስ አበባ ኤርፖርቶች ሁሉ ታሪክ ነው። ኤርፖርቱ ዳር ላይ ይሰራል፣ ከተማው እግር በእግር ተከትሎ ይመጣል። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 1921 ነው፣ የዛን ዘመን አውሮፕላን ጃንሜዳም ያርፍ ነበር። ከዛ አቃቂ ሜዳ መጣ፣ በ1928 ጣልያን በአየር የደበደበው፣ ያኔ አቃቂ ከከተማው ውጪ ነው፣ ዛሬ መሀል ሆኖ ፋብሪካና ኮንዶሚኒየም ነው። አየር መንገዳችን መጋቢት 30 ቀን 1938 በአስመራ አድርጎ ካይሮ ሲበር፣ በዛ ዘመን የከተማው ኤርፖርት ልደታ ነበር። ቦይንግ 720 ጄት ሲታዘዝ ልደታ አጠረው፣ ቦሌ ተሰራ፣ ታህሳስ 1955 ላይ ደረሰ። ያኔ እዚህ አካባቢ ማን ነበር? ማሳና ከብት። ልደታ የተረፈው በስም ነው፣ "ኦልድ ኤርፖርት" ብለው ታክሲ የሚሳፈሩ ልጆች የምን ኤርፖርት ብለው እንኳ አይጠይቁም። ቦሌም አንድ ቀን ኦልድ ኤርፖርት ከተባለ ረዳቱ "የትኛው ኦልድ?" ሊል ነው።

አሁን ተራው የአቡሴራ ነው፣ ቢሾፍቱ አጠገብ አዲሱ ኤርፖርት የሚሰራበት ቦታ። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥር 2018 ግንባታው ሲጀመር በቲቪ አይተናል፣ መጀመሪያ በአመት 60 ሚሊዮን፣ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ፣ አራት ራንዌይ። ቦታው ከቦሌ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ስለሚል አውሮፕላኑ ይበልጥ ጭኖ ይነሳል። ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል፣ አልቃወምም። ግን አራት ራንዌይ ማለት እኮ ስምንት ጫፍ ማለት ነው! ስምንት ዘንበል ያለ የማይታይ ጣሪያ፣ እያንዳንዱ የማን ማሳ፣ የማን ግቢ፣ የማን ትምህርት ቤት ላይ እንደሚያርፍ ኢንጂነሮቹ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ይሄው ነው የምለምንዎት፣ እሱን ካርታ ደላላው ሳይቀድም ወደ ህዝቡ ያውጡት። ድረ ገጽ ላይ በትልቅ ፋይል ማለቴ አይደለም፣ በየቀበሌው በር ላይ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ በቀለም፣ እዚህ ድረስ ይሄን ያህል ፎቅ፣ እዚህ ደሞ ድምጹ እንዲህ ይሆናል የሚል። ከተቻለ የይዞታ ካርታው ራሱ ላይ አንድ መስመር ትጨመር፣ የሚፈቀደው ከፍታ ይሄን ያህል ሜትር ተብሎ። የቀለም ወጪ ነው እንጂ ሌላ ምን ወጪ አለው?

እግረ መንገዴን ወፍንም ላንሳ፣ አይሳቁብኝ። መስከረም 5 ቀን 1981 ባህር ዳር ላይ ቦይንግ 737 ገና ሲነሳ እርግቦች ሞተሮቹ ውስጥ ገብተው ወደቀ፣ 35 ሰው ሞተ። ቢሾፍቱ ደሞ ያሉትን ሀይቆች ያውቃሉ፣ ወፉንም ያውቃሉ። ከአሁኑ ቆሻሻ መጣያውና ቄራው የት እንደማይፈቀድ ካልተሰመረ ከተማው ተከትሎ ሲመጣ ክምሩንም ይዞ ነው የሚመጣው፣ አሞራው ደግሞ ክምሩን ተከትሎ። እኛ ሰፈር ጥግ ያለውን ክምር ጠዋት ጠዋት እያየሁት ነው የምናገረው።

ለኤርፖርቱ ብለው ከአቡሴራ የተነሱት ገበሬዎችም አዲስ የሚሰፍሩበት ቦታ ከስምንቱ ጫፎች ውጪ መሆኑን አንድ ሰው ጎናቸው ቆሞ በጣት ያሳያቸው። አንዴ የተነሳ ሰው ከአስር አመት በኋላ በድምጽ ምክንያት ሁለተኛ ተነስ ቢባል ምን ይላል።

ወንድሜን ቆይ ብዬዋለሁ፣ እሱም ለኔ ብሎ ዝም አለ እንጂ አላመነኝም፣ "ካርታ እያለው ምን ትፈልጋለህ" ነው የሚለኝ። ደላላው ቀብድ እንዲያስይዝ የሰጠው ጊዜ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ከዛ በፊት መልስ ካገኘሁ እኔው ራሴ ወስጄ አሳየዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ከጎሮ ወዲያ ያለ ነዋሪ