ካሜራህን ይዘህ ና

ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል?

ስለ መጥፋቴ ይቅር በለኝ፤ ሰበብ አልደረድርብህም። አንተም ብትሆን ደብረ ብርሃንን ረስተህ አዲስ አበቤ ሆነሃል አሉ! የሰርግ ቀረጻው እንዴት ነው? ልጆቹስ? ሌላውን ስንገናኝ።

የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የጆን ካሳቬቴስን «ኤ ዉማን አንደር ዘ ኢንፍሉዌንስ» የሚለውን ፊልም አየሁት። በፈረንጆቹ 1974 የወጣ ነው። ሜብል የምትባል የሦስት ልጆች እናት አለች። ባሏ ኒክ ይወዳታል፣ ግን አእምሮዋ ሲታወክ መጮህ እንጂ መያዝ አያውቅበትም። ሆስፒታል ስድስት ወር ቆይታ ስትመለስ ሊቀበላት ብሎ ቤቱን ሰው ይሞላበታል። እዚህ ጋ አቆምኩት። ማየት አቃተኝ። እህታችን ከሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የመጣች ቀን ትዝ አይልህም? ጎረቤቱ ሁሉ ለቡና ገብቶ ዓይን ዓይኗን ሲያያት፣ አባዬ ደግሞ «ተጫወቺ እንጂ!» እያለ ሲቆጣት፣ አንተ ብቻ ተነስተህ ከአጠገቧ ተቀመጥክ። አልረሳሁልህም።

ሜብልን የተጫወተችው የራሱ የካሳቬቴስ ሚስት ጂና ሮውላንድስ ናት። የሱም እናት፣ የሷም እናት ፊልሙ ውስጥ አሉ። ገንዘብ የሚሰጠው ቢያጣ ቤቱን አስይዞ ተበደረ፤ ኒክን የሠራው ፒተር ፎክም ከኪሱ ጨመረበት። የሚያከፋፍልላቸው ሲጠፋ ራሳቸው ወደ ሲኒማ ቤቶች ወሰዱት። በመጨረሻ እሱ በዳይሬክተርነት፣ እሷ በተዋናይነት ለኦስካር ታጩ። ታዲያ እኛ ምን አነሰን? ቤቱ አለ። ታሪኩም አለ።

የፊልማችንን ጽሑፍ ጀምሬዋለሁ። ጉዱ ምን መሰለህ፣ እህታችን አንብባ «እኔው ልጫወተው» አለችኝ! ደስታዬን ልነግርህ አልችልም፣ ግን ደግሞ... እንዴት ልበልህ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። አሁን ደህና ናት፣ መድኃኒቷንም አታቋርጥም። ያንን ቀን መልሳ ስትኖረው ቢነሳባትስ? ይህን ከአንተ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም። ሐኪሟን ሳናማክር አንዲት ነገር አንቀርጽም፣ በቃ አልኩ የሚለው ቃልም የሷ ይሁን። እማዬ ግን «ገመናችንን አደባባይ ልታወጣው ነው?» ብላ አኩርፋኛለች። አልፈርድባትም። ስንት ዓመት በሯን ዘግታ የተሸከመችው ነገር ነው።

እማዬ አንተን ትሰማሃለች። እባክህ ደውልላት፣ ስለ ፊልሙ ሳይሆን መጀመሪያ ስለ ጤናዋ ጠይቃት። እሺ ካለች ካሜራህን ይዘህ ና፤ እምቢ ካለችም ና፣ ጽሑፉን አብረን እናንብበው።

ወንድምህ