የበዓል ፖስት ካርድ በትምህርት ቤቶቻችን በኩል ይመለስ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የበዓል መልካም ምኞትን በፖስት ካርድ ጽፎ በፖስታ ቤት የመላክ ልማድ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከቀረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ጊዜው አልፎበታል ብለው የተዉት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ልማዱ ሊመለስ የሚገባው፣ ከትምህርት ቤቶች ከተጀመረም ያለ ብዙ ወጪ ሊመለስ የሚችል ነው ብዬ ስለማምን፣ ሐሳቤን ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ለወጣት አንባቢዎች ነገሩ እንዴት ይከናወን እንደነበር መግለጽ ያስፈልጋል። ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት በፒያሳና በአራዳ አስፋልት ዳር ፖስት ካርድ የሚሸጡ ልጆች ገመድ ወጥረው ካርዶቹን በልብስ መቆንጠጫ ያንጠለጥሉ ነበር። አደይ አበባ፣ የቡና ረከቦት፣ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ፣ ለኢድ ደግሞ ሚናራና ጨረቃ የታተመባቸው ነበሩ። ከካርዱ ጀርባ በስተግራ ለመልእክቱ፣ በስተቀኝ ለአድራሻውና ለቴምብሩ ቦታ ተለይቷል፤ የመልእክቱ ቦታ ከመዳፍ ስለማይበልጥ ጸሐፊው ቃሉን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። «እንኳን ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ዮሐንስ በሰላም አሸጋገረዎ» ከሚለው መግቢያ በኋላ ለተቀባዩ ብቻ የሚነገር አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይቀራል፤ ታሞ የነበረው አባት መዳኑ፣ ላሚቱ መውለዷ፣ ልጅቱ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ማለፏ ይጻፍበታል። መጻፍ የማይችሉ እናቶች ይህን የሚያስጽፉት ልጆቻቸውን ነበር፤ ልጁም የሚነገረውን እየሰማ፣ የትኛው ለካርዱ እንደሚበቃና የትኛው እንደሚቀር ከእናቱ ጋር ይመክራል። ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ የጽሑፍን ጥቅም ከዚህ አብልጦ የሚያስተምር የክፍል ትምህርት አላውቅም።

በወሎ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ያለፈ ክብደት ነበረው። አጎት ሐጂ፣ አክስት የማኅበር ጠጪ በሆኑበት አገር፣ ክርስቲያኑ ለኢድ አል ፈጥርና ለአረፋ፣ ሙስሊሙ ለገናና ለፋሲካ ካርድ ይልካል። ላኪው የራሱን ሳይሆን የወዳጁን በዓል ቀን አስቦ፣ ካርዱ በመንገድ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ቆጥሮ፣ ሳምንታት አስቀድሞ መነሣት ነበረበት። አንድ ሰው የእኔን በዓል ገና ሳይደርስ አስታውሶልኛል ማለት ምን ያህል እንደሚያሞቅ፣ የደረሰው ሰው ያውቀዋል።

በአገራችን ፖስታ ባመዛኙ የሚደርሰው በቤት ቁጥር ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው ሣጥን ባለው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት በኩል ይቀበላል። ለጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው በፋብሪካው፣ ለገጠሩ ሰው ገበያ በወጣ ቁጥር በሚጎበኘው ነጋዴ፣ ለተማሪው በትምህርት ቤቱ በኩል ይላክ ነበር። በትምህርት ቤት ካርድ የመጣላቸው ልጆች ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በሰልፉ ፊት ይጠራል፤ ስሙ የተጠራው ልጅ ከሰልፉ ወጥቶ ሲሄድ መላው ትምህርት ቤት ያየዋል። ይህ አሠራር ዛሬም ልማዱን ለመመለስ የሚያመች ነው፤ ምክንያቱም አንድ የትምህርት ቤት ሣጥን ለሺህ ተማሪ ይበቃል።

ስልክ እያለ ፖስት ካርድ ለምን ያስፈልጋል የሚለውን ጥያቄ አቃልዬ አላየውም። ጅዳ ወይም ቤይሩት ያለች ልጇን ድምፅ በበዓል ቀን የምትሰማ እናት የሚሰማትን ደስታ ካርድ አይተካውም። በቴሌግራም የሚደርሰን የበዓል ምስል ግን አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ያልሠራው፣ ስማችን ያልተጻፈበት፣ ለሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ የተላለፈ ነው። ዓለም ራሱ ደብዳቤን እየተወ ነው የሚሉኝ ወዳጆችም አሉ፤ በእርግጥም የዴንማርክ ፖስታ እ.ኤ.አ. ከ1624 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረውን የደብዳቤ እደላ በ2025 መጨረሻ አቁሟል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የፖርቱጋል ተማሪ የጀመረው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ፖስት ካርድ የሚለዋወጡበት ፖስትክሮሲንግ የተባለው መርሐ ግብር በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ካርዶችን ከአገር አገር አድርሷል። እኛም ከዚህ የምንገለልበት ምክንያት የለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ያቋቋሙት ፖስታ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆኗል፤ ደሴ ላይ የተለጠፈ የኢትዮጵያ ቴምብር ካርዱን እስከ ተቀባዩ አገር የሚያደርሰው በዚሁ አባልነት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። በቅርቡ ስምንተኛ ክፍል ለሆነ የጎረቤት ልጅ ባዶ ፖስታ ሰጥቼ ለአጎቱ አድራሻ እንዲጽፍ ብጠይቀው፣ የአጎቱን ስምና የስልክ ቁጥሩን ጽፎ መለሰልኝ። የላኪ ስም የት እንደሚጻፍ፣ ቴምብር በየትኛው ጥግ እንደሚለጠፍ ያሳየው ሰው የለም። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ የታላላቆቹ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የደሴ አንድ ትምህርት ቤት ከኮምቦልቻ አንድ ትምህርት ቤት ጋር ተጣምሮ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ሥዕሉን ራሱ ስሎ ወዲያ ላለ አንድ ተማሪ በስሙ አንድ ካርድ ይላክ፤ ካርዱ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይግባ፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይውጣ። እንቁጣጣሽ በክረምቱ ዕረፍት ላይ ስለሚውል መጀመር ያለበት በገና ነው። ቀጥሎ ኢድ አል ፈጥር በእነዚህ ዓመታት በየካቲትና በመጋቢት፣ ትምህርት ባለበት ወቅት ስለሚውል፣ ሁለተኛው ዙር ለእርሱ ሊሆን ይችላል። የከተማችን ማተሚያ ቤቶችም የጦሳ ተራራን፣ የሐይቅ እስጢፋኖስንና የአይጠየፍ አዳራሽን ሥዕል የያዘ ካርድ ቢያትሙ መልካም ነው፤ ከላሊበላ በቀር ወሎን የሚያሳይ ፖስት ካርድ ከገበያ ላይ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ካርዱ ለገና እንዲደርስ በኅዳር መጨረሻ ተጽፎ ማለቅ ስለሚኖርበት፣ ዝግጅቱ ከጥቅምት ማለፍ የለበትም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ትምህርት ቤቶች የካርቶኑንና የቴምብሩን ወጪ እኔና አብረውኝ ያስተማሩ ጡረተኞች ለመሸፈን ተስማምተናል፤ ፈቃደኛ የሆኑ ርዕሳነ መምህራን በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢያሳውቁን፣ አድራሻ አጻጻፉን ክፍል ድረስ ሄደን ለማስተማርም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከደሴ