ሸለቆውን ከጫፉ ብቻ አታሳዩን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ስዊዘርላንዱ የላውተርብሩነን ሸለቆ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የአገራችን ሰው ለስብሰባም ይሁን ልጆቹን ለመጠየቅ ወደ ጄኔቫና ወደ በርን መመላለስ ከጀመረ ውሎ ያደረ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለብዙ አንባቢ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የገጹን አብዛኛውን ክፍል የሰጡት ከሸለቆው በላይ በበረዷማ ተራሮች መካከል ወዳለው የዩንግፍራውዮህ ጣቢያ ለሚወጣው ባቡርና ለትኬቱ ውድነት ስለሆነ፣ ያነበበ ሰው ገንዘብ የሌለው እዚያ ምን ይሠራል ብሎ ጋዜጣውን ሊያጥፍ ይችላል። እኔ ዕድሜዬን በምድር ባቡር ሥራ ያሳለፍኩ የድሬዳዋ ጡረተኛ ነኝ፤ በርን የምትኖረውን ልጄን ለመጠየቅ ስሄድም ወደዚያ ሸለቆ ጎራ ማለት ልማዴ ነው። ባቡር የሚጠላ ሰው አለመሆኔን ከሙያዬ መገመት ይቻላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሸለቆው ዋና ደስታ በእግር የሚገኝ መሆኑን፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ምንም ክፍያ የማይጠየቅበት መሆኑን አንባቢ እንዲያውቀው ነው።

ሸለቆው ከኢንተርላከን ከተማ በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል የሚያስኬድ ሲሆን፣ ግራና ቀኙን በመቶዎች ሜትር የሚለካ ቀጥ ያለ የኖራ ድንጋይ ገደል አጥሮታል። ወለሉ ግን ሜዳ ነው። ወንዝ ብቻውን የቆረጠው ሸለቆ እንደ ዓባይ በረሃ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፤ ይህን ግን በጥንት ዘመን የሞላው የበረዶ ግግር በስፋት ፍቆት ስላለፈ ግርጌው ሰፊ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ሆኖ ቀርቷል። ከጎን የሚገቡት ትንንሽ ሸለቆዎች የዋናውን ያህል ስላልተቆፈሩ አፋቸው ከገደሉ አናት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ውሃቸውም ከዚያ ዘሎ ከመውረድ ሌላ አማራጭ አላገኘም። የአካባቢው ሰዎች የፏፏቴዎቹን ቁጥር 72 ያደርሱታል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ከላውተርብሩነን መንደር ራስጌ የሚወርደው የሽታውብባህ ፏፏቴ ነው። ቁመቱ 300 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በቁመት ከጢስ ዓባይ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በውሃው ብዛት ግን በክረምት ከሞላው ጢስ ዓባይ ጋር የሚወዳደር አይደለምና፣ አንባቢ ነጎድጓድ ጠብቆ እንዳይሄድ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ውሃው ቀጭን በመሆኑ መሬት ሳይደርስ ነፋስ ይበትነዋል፣ ግማሹም ጉም ሆኖ ይቀራል። ውበቱም ያ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስታገኘው ከመንደሩ ጎዳና ቆሞ ማየት በቂ ሲሆን፣ በስዊዘርላንድ የበጋ ወራት እስከ ፏፏቴው ጀርባ የሚያደርስ በዓለት ውስጥ የተፈለፈለ መተላለፊያም አለ።

ከመንደሩ ተነስቶ እስከ ሸለቆው መጨረሻ፣ እስከ ሽቴኸልበርግ ድረስ የሚያስኬደውን መንገድ ጽሑፋችሁ ጨርሶ አለማንሳቱ ገርሞኛል። ርዝመቱ ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገቱም እምብዛም ስለማይታወቅ የእኔን ዓይነት ጉልበት ያለው ሰው እንኳ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። መንገዱ ወንዙን ተከትሎ በሣር ሜዳና በእንጨት ቤቶች መካከል ያልፋል። ተጓዡ አንዱን ፏፏቴ ሳይሰናበት ሌላው ከፊቱ ይመጣል፤ ቀና ሲል ደግሞ በስተ ላይ በረዶ የለበሰው ጫፍ ይታየዋል። የደከመው ሰው ከየፌርማታው አውቶቡስ ይዞ መመለስ ይችላል።

በዚሁ መንገድ መካከል ክፍያ የሚጠየቅበት፣ ነገር ግን ገንዘቡ የማይቆጭ አንድ ቦታ አለ። ትሩመልባህ ይባላል። የአይገር፣ የመንሽና የዩንግፍራው ተራሮች የበረዶ ግግር ሲቀልጥ ውሃው በተራራው ሆድ ውስጥ ቆፍሮ በሠራው ጠባብ ስንጥቅ አሥር ጊዜ እየተወረወረ ይወርዳል፤ በሙላቱ ወቅት በሰከንድ እስከ 20,000 ሊትር ይደርሳል። ጎብኚው በዓለቱ ውስጥ በተሠራ አሳንሰር ወጥቶ፣ በደረጃ እየወረደ ፏፏቴዎቹን በቅርብ ያያል። አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ይኖርበታል። ዓለቱ ሲንቀጠቀጥ በእግር ይታወቃል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረሰብንን ጥፋት ያየ የድሬዳዋ ሰው የጎርፍን ድምፅ በቀላሉ የሚሰማ አይመስለኝም፤ ቢሆንም እዚያ ውሃው በዓለት ታስሮ ስለሚያልፍ ያለ ስጋት ይታያል። የዝናብ ልብስ ግን አይዘንጋ። ቦታው በክረምታቸው ወራት የሚዘጋ መሆኑም መታወቅ አለበት።

ጸሐፊው በከፍታቸው ስላደነቋቸው ሁለት መንደሮች፣ ስለ ቬንገንና ስለ ሙረን፣ ለእኛ አካባቢ አንባቢ የምለው አለኝ። ቬንገን ከባሕር ወለል በላይ 1,274 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ይህ ከድሬዳዋ ብዙም የማይርቅ ከፍታ ነው። ሙረን ደግሞ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ከሐረር ታንሳለች። ከሐረር ተነስቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሰው፣ ከሙረን ወደ ሸለቆው ወለል ከሚወርድ ሰው ጋር የተቀራረበ ቁልቁለት ወርዷል። ልዩነቱን ያመጣው ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው፤ እነሱ በ46ኛው ዲግሪ አካባቢ፣ እኛ በ9ኛው ነን። በእነሱ አገር 2,000 ሜትር አካባቢ ሲደረስ ዛፍ ይጠፋል፤ በእኛ ደጋ ግን ገበሬው ከ3,000 ሜትር በላይ ገብስ ያርሳል። በመሆኑም ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከፍታው ራሱ ብርቅ ሊሆንበት አይገባም፤ ብርቁ በዚያ ከፍታ ላይ የሚያገኘው በረዶ ነው።

ሁለቱም መንደሮች ከታች መኪና የማይወጣባቸው በመሆኑ ጸጥታቸው የተለየ ነው። ከላውተርብሩነን ግሩችአልፕ ድረስ በገመድ በሚሳብ ሣጥን ወጥቶ፣ ከዚያ እስከ ሙረን በእግር መሄድ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። መንገዱ የተስተካከለ ሲሆን፣ ሦስቱ ትልልቅ ተራሮች ከሸለቆው ማዶ ተሰልፈው እስከ መጨረሻው ይታያሉ። መራመድ የማይችል ሰው ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያው መስመር በምትመላለሰው ትንሽ ባቡር ሊሄድ ይችላል። ጠንከር ያለ እግር ያለው ደግሞ ከቬንገን በገመድ ወደ ሜንሊኸን ወጥቶ እስከ ክላይነ ሻይዴክ ያለውን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይሞክር፤ የአይገር ሰሜናዊ ገደል እንደዚያ በግልጽ የሚታይበት የቀለለ መንገድ አላውቅም። ይህ 1,800 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ገደል ብዙ ወጣቶችን ቀጥፎ በመጀመሪያ የተረታው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ ባቡሩ ልመለስ። የዩንግፍራው መስመር ሥራ በ1896 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1912 ያለቀ ሲሆን፣ ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከሚበልጠው ርዝመቱ ከሰባት በላይ የሚሆነው በዋሻ ውስጥ ነው። የእኛው የጅቡቲ መስመር በ1897 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነበር፤ ለዚህም ሥራ ከዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ከተቀበሉት አንዱ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ለሚመለከት ሰው ዘጠኙ ኪሎ ሜትር የጠየቀው ድካም ይገባዋል። በሐዲዶቹ መካከል እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ሌላ ሐዲድ ተዘርግቶ፣ በባቡሩ ሆድ ያለው ጥርሳም ጎማ እየነከሰው ይወጣል። ይህን ስላየሁ ደስ ብሎኛል፤ ባለሙያ የሆነ ሁሉ ቢያየው አይጸጸትም።

ሌላው ጎብኚ ግን ሊያመዛዝን ይገባዋል። ከጉዞው አብዛኛው በዋሻ ውስጥ ስለሆነ በመስኮት የሚታየው ድንጋይ ነው። ጣቢያው 3,454 ሜትር ላይ በመሆኑ በአውሮፓ ከፍተኛው የባቡር ጣቢያ ቢሆንም፣ በባሌ የሳነቴ አምባ ላይ መኪና 4,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እዚያ ወጥቶ ሊታይ የሚገባው የአሌች የበረዶ ግግር ነው፤ ከ20 ኪሎ ሜትር የማያንስ ርዝመት ያለውና በአልፕስ ተራሮች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ ዓመት ከዓመት እየሸሸ መሆኑን ባለሙያዎች ይመሰክራሉ። ሰማዩ ከተደፈነ ግን ይህም አይታይም። የጫፉ ምስል በየጣቢያው በቴሌቪዥን ስለሚታይ፣ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ያን መመልከት ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

ለእግር ጉዞ ደግሞ ብቻውን የሚሄድ እንግዳ ሰው እንኳ የሚፈራው ነገር የለም። በየመገናኛው የቆመው ቢጫ ሰሌዳ የቦታውን ስምና የሚወስደውን ሰዓት ይነግራል፤ ሰዓቱ የሚሰላው ያለ ዕረፍት ለሚራመድ ሰው በመሆኑ ልጅ ወይም ሽማግሌ የያዘ ተጨማሪ ጊዜ ያስብ። በድንጋይና በዛፍ ላይ ነጭና ቀይ የተቀባ ምልክት ያለበት የተራራ መንገድ ነው፣ ጥሩ ጫማ ይፈልጋል። ነጭና ሰማያዊ ከሆነ ገመድና ልምድ ላለው ሰው ብቻ ስለሆነ ይመለስ። ምልክት የተደረገለት የእግር መንገድ ሁሉ ሲደመር በአገሪቱ ከ65,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ የእግር መንገድ ጉዳይም በ1979 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ በሕገ መንግሥታቸው ገብቷል። ከድሬዳዋ ወደ ለገ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች በሚወስደው መንገድ ላይ ሰዓት የሚናገር አንድ ሰሌዳ መትከል ስንት ሲሚንቶ እንደሚጠይቅ ያሰብኩት ያኔ ነው፤ ይህን ግን ለሌላ ደብዳቤ አቆየዋለሁ።

በበጋቸው ከብቶቹ ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ስለሚወጡ የአንገታቸው ቃጭል ከሩቅ ይሰማል። የከፈቱትን በር መዝጋት፣ ያልታጨደ ሣር አለመርገጥ፣ ጥጃ ካላት ላም መራቅ ግዴታ ነው። ጊመልቫልት በምትባለው ትንሽ መንደር ገበሬው አይቡን በሩ ላይ አስቀምጦ የገንዘብ ሣጥን ብቻ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ዕድለኛ ሰው ከዋልያችን ጋር በዝምድና የሚገናኘውን የአልፕስ የዱር ፍየል ያያል፤ አዳኞች ከስዊዘርላንድ ጨርሰው አጥፍተውት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጣሊያን የመጣው ዘር ነው መልሶ የተራባው። ከገደሉ አፋፍ በፓራሹት የሚዘሉትን ወጣቶች በተመለከተ፣ ብዙዎች የሞቱበትን ነገር ከመዝናኛ መቁጠር አልችልም።

ስለ ክረምታቸው ብዙ አልልም። ቬንገን ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የላውበርሆርን የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ይካሄድባታል፤ በረዶ ለማያውቅ ሰው ግን በእንጨት መንሸራተቻ ተቀምጦ መውረድና ለእግረኛ በተጠረገው መንገድ መሄድ ይበቃዋል።

ጽሑፉ ክፍል ሁለት እንደሚኖረው ስለገለጻችሁ፣ ጸሐፊው የሚከተሉትን እንዲያካትቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከፍ ያሉት መንገዶች እስከ ሰኔ ድረስ በረዶ ሊኖርባቸው እንደሚችል፣ በገመድ የሚሳቡት ማመላለሻዎች በጸደይና በመኸር መጨረሻ ለጥገና እንደሚቆሙ፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ ድንገት ስለሚመጣ ጉዞ በጠዋት መጀመር እንዳለበት ቢገለጽ መልካም ነው። የምግብ ዋጋ ከባድ ስለሆነ፣ በተለይ ለጿሚ፣ ዳቦ፣ ተምርና ቆሎ በስንቅ መያዝ እንደሚያዋጣና ከየመንደሩ ምንጭ የሚፈሰው ውሃ ያለ ክፍያ እንደሚጠጣም ይጨመር። ከላውተርብሩነን እስከ ሽቴኸልበርግ ያለው መንገድ ከአውቶቡስ ፌርማታዎቹ ጋር በትንሽ ካርታ ቢታተም ደግሞ፣ ከባቡሩ ትልቅ ፎቶግራፍ ይልቅ አንባቢው ቆርጦ በኪሱ የሚይዘው እሱን ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ የምድር ባቡር ጡረተኛ
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ