ትምህርት የማይዘጋበት ቀን፦ የሥነ ዜጋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ሥራ የጀመረው በጭቅጭቅ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ እንደ ልማዴ የርእስ ዝርዝር ይዤ ገባሁ። ምርጫ፣ የፍርድ ቤት አሠራር፣ የትራፊክ ደንብ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ በሰው ስም ቀን የሚሰየመው እንዴት ነው? ማን ነው የሚፈቅደው?» አለችኝ። መልሱን በቅጡ አላውቀውም ነበር። ዝርዝሬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ብዙ ስም ተነሣ፣ ብዙ ስም ወደቀ። በመጨረሻ የያዝነው አብዛኞቹ ልጆች ሰምተውት የማያውቁትን አሜሪካዊ ነው፤ ፍሬድ ኮሬማትሱን። ጦር አልመራም። ፓርቲ አልመሠረተም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሮም ተሸንፏል። ልጆቹን የሳባቸው ይኸው ነው። ለተሸነፈ ሰው ቀን ይሰየማል እንዴ?

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኮሬማትሱ ጃንዋሪ 30 ቀን 1919 ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከጃፓን የመጡ አበባ አልሚዎች ነበሩ። እሱ በያጅ ሆነ፤ መርከብ የሚሠራበት ቦታ ተቀጠረ። በዲሴምበር 1941 ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ደበደበች። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ።

እዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ቆየን። ትእዛዙን አንድ ልጅ ከላይ እስከ ታች አነበበና «ጃፓን የሚል ቃል እኮ የለበትም!» አለ። እውነቱን ነው። ትእዛዙ ለጦር አዛዦች የሚሰጠው «ማንኛውንም ሰው» ከተከለለ አካባቢ የማስወጣት ሥልጣን ነው። በተግባር ግን ከምዕራቡ የባሕር ጠረፍ በጅምላ ተለቅመው የተጋዙት 120 ሺህ ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ልጆቹ ሕግን በሚለው ብቻ ሳይሆን በሚዘለውም ማንበብ የጀመሩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ኮሬማትሱ አልሄድም አለ። የ23 ዓመት ወጣት ነው። በመርሕ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የፍቅር ጓደኛውን ትቶ መሄድም አልፈለገም። ስሙን ቀየረ፤ መልኩን ለመለወጥ ዓይኑ ላይ ቀዶ ሕክምና አስደረገ። ይህን ስነግራቸው ግማሹ ክበብ ሳቀ፤ ግማሹ «እና ምኑን ጀግና ሆነ?» አለኝ። እኔ ግን ይበልጥ የወደድኩት በዚህ ነው። ሜይ 30 ቀን 1942 ሳን ሊያንድሮ ከተማ መንገድ ላይ ተያዘ። እስር ቤት ሳለ ኧርነስት ቤሲግ የሚባል የዜጎች ነፃነት ተሟጋች ማኅበር ሰው መጥቶ ጉዳይህን ፍርድ ቤት እንሞግትበት ወይ አለው። እሺ አለ። ተፈረደበት፤ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ታንፎራን ተላከ። ታንፎራን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር፤ ሰው ያደረው በፈረስ ጋጣ ነው። ከዚያ ዩታ በረሃ ውስጥ ወዳለው የቶፓዝ ካምፕ ተወሰደ።

ዲሴምበር 18 ቀን 1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ፈረደበት። ከተቃወሙት ሦስት ዳኞች አንዱ ሮበርት ጃክሰን ይህ ፍርድ ጥይት እንደ ጎረሰ ጠመንጃ ተቀምጦ፣ አስቸኳይ ነው የሚል ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር የሚያነሣው ይሆናል ሲሉ አስጠነቀቁ።

ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ልጁ ካረን ስለ አባቷ ክስ የሰማችው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ጓደኛዋ ስላነበበችው መጽሐፍ ለክፍሉ ስትናገር ነው። ከአባቷ አፍ አልሰማችም። ይህን ስንሰማ ክፍሉ ጸጥ አለ። የክበባችን ትያትርም የተገነባው በዚህች ትዕይንት ላይ ነው።

ትያትሩ ሲጻፍ ያልጠበቅነው ጠብ ተነሣ። ኮሬማትሱን «እሱ» እንበለው ወይስ «እሳቸው»? ግማሹ የታሪክ ሰው አንቱ ይባላል አለ። ግማሹ ደግሞ የ23 ዓመት በያጅ አንቱ ሲባል ጆሮ ይጎረብጣል አለ። ተስማምተን የወሰንነው እስከ 1983 «እሱ»፣ ከዚያ ወዲህ «እሳቸው» እንዲባል ነው። ይህም ጽሑፍ በዚያው ይቀጥላል።

ለምን 1983? ተመራማሪዎቹ ፒተር አይረንስና አይኮ ኸርዚግ ዮሺናጋ ያገኟቸው ሰነዶች፣ በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ጅምላ ግዞቱ አስፈላጊ አልነበረም የሚሉ የራሱን መሥሪያ ቤቶች ሪፖርቶች ከፍርድ ቤቱ እንደ ደበቀ አሳዩ። በዴል ሚናሚ የሚመሩ ወጣት ጠበቆች ያለ ክፍያ ጉዳዩን ይዘው ተመለሱ። ኖቬምበር 10 ቀን 1983 የበታች ፍርድ ቤት ዳኛ ማሪሊን ሆል ፓቴል የጥፋተኝነት ፍርዱን ሰረዙ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1944 ውሳኔ ግን አልተሻረም። ኮሬማትሱ 64 ዓመታቸው ነበር። በ1998 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የነፃነት ሜዳሊያ ሸለሟቸው። በ2005 አረፉ።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ማን ነው የሚፈቅደው? የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አባላት ዋረን ፉሩታኒና ማርቲ ብሎክ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ምክር ቤቱ አጸደቀ፤ አገረ ገዢው አርኖልድ ሽዋርዝኔገር በሴፕቴምበር 2010 ፈረሙ። አዎ፣ የፊልሙ ሰውዬ። የመጀመሪያው ቀን ጃንዋሪ 30 ቀን 2011 ታሰበ፤ የልደታቸው ዕለት መሆኑ ነው። ሙሉ ስሙ የፍሬድ ኮሬማትሱ የዜጎች ነፃነትና የሕገ መንግሥት ቀን ነው። በኋላ ሃዋይና ቨርጂኒያን የመሳሰሉ ግዛቶችም ተከተሉ።

ሕጉ ግን ሥራም ትምህርትም አይዘጋም። ትምህርት ቤቶች በዕለቱ ስለ ጉዳዩ እንዲያስተምሩ ያበረታታል፤ በቃ። እኛ ዘንድ ይህ ነገር ጉድ አፈላ። ልጆቹ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ጃንዋሪ 30 የኮሬማትሱ ቀን» ብለው በትልቁ ጻፉ። ወሬው ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ «ትምህርት የለም» ሆኗል። በማግሥቱ የቀሩት ተማሪዎች ምክንያታቸውን እኔ ቢሮ መጥተው አስረዱ። ወቀሳውን ተቀብያለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ተኝተው ከሚያሳልፉት በዓል ይልቅ ክፍል ተገብቶ የሚታሰብ ቀን ይሻለኛል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የይስሙላ ምክር ቤት አቋቋምን። ረቂቁን የሚቃወመው ልጅ በዕጣ ነው የደረሰው፤ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። ኋላ ላይ ያደረገውን ባያችሁ! «የተጋዘው 120 ሺህ ሰው ነው፤ ለምን የአንዱ ስም? ጎርደን ሂራባያሺስ? ሚኖሩ ያሱዊስ? እነሱም እኮ ተከራክረው ተሸንፈዋል» አለ። ደጋፊዎቹ ኦሪገን ለያሱዊ ማርች 28ን ሰይማለች ብለው መለሱ። እሱም ወዲያው «ታዲያ ለእያንዳንዱ ሰው እየሰየምን ቀን ሊያልቅብን ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለማንሠራራት ደጋፊዎቹ የያዟት የመጨረሻ ካርድ 2018 ነበረች። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ የ1944ቱ ፍርድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ እጅግ የተሳሳተ ነበር ብለው የጻፉት ያኔ ነው። ከቀኑ መሰየም ስምንት ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው። «ምክር ቤቱ ፍርድ ቤቱን ቀደመ» አለች ተከራካሪዋ።

ረቂቁ 11 ለ 9 አለፈ። ተቃዋሚው ልጅ አሁንም አልተዋጠለትም። ለመጪው ዓመት የክበቡ ጸሐፊ ሆኖ ተመርጧል። የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ ብሎ ከወዲሁ ቃለ ጉባኤው ላይ ያሰፈረውም «ድምፁ ይደገም» የሚል ነው።