ዕዳ እናቃልላለን ከሚሉ የስልክ አጭበርባሪዎች ስለ መጠንቀቅ

ውድ አባላት፣

«ዕዳችሁን በግማሽ እናስቀንሳለን» እያሉ ስለሚደውሉ አጭበርባሪዎች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በመሰብሰቢያ አዳራሹ እንነጋገራለን።

ዋናው ምልክታቸው ምንም ሳይሠሩ አስቀድመው ክፍያ መጠየቃቸው ነው። «ለአበዳሪያችሁ መክፈል አቁሙ፤ አታነጋግሩትም» (ከእሱ ጋር አትነጋገሩ) ካሏችሁ ደግሞ የባሰ ነው፤ ወለዱና ቅጣቱ የሚቆጠረው በእናንተ ላይ ነውና። ስልኩ የባንክ ስም ቢያሳይም አትመኑ፤ ቁጥርን አስመስሎ መደወል ይቻላል። ዝጉትና በብድር ውላችሁ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ። የምስጢር ቁጥር ለማንም አይነገርም።

አጠራጣሪ መልእክት የደረሳችሁ ሳታጠፉት ይዛችሁ ኑ። ገንዘብ የላከ ካለ ቅዳሜን አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለባንኩ ያሳውቅ። ደግሞም አይፈር፣ ጥፋቱ የአታላዩ ነው።

መምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።