ስለ ከተማችን ምክር ቤት አባላት

ውድ የቡድናችን አባላት፣

በትንሽ ከተማ የምክር ቤት አባልነት ለአብዛኞቹ የሙሉ ጊዜ ሥራ አይደለም። ቀን ሲያስተምሩ ወይም ሲነግዱ ይውሉና ማታ በጀት ያገላብጣሉ። ባለፈው የምክር ቤቱ ስብሰባ አንዲት አባል የሆኑ እናት የውኃ መስመሩን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ቱቦ የሚያፈስባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ሲከቡ አየሁ። ልቤን ነካኝ።

አንድ የምክር ቤት አባል ብቻውን ማዘዝ እንደማይችል ግን አንርሳ። ውሳኔ የሚያልፈው ምልዓተ ጉባኤ (ለመወሰን መገኘት ያለበት የአባላት ቁጥር) ተሟልቶ በድምፅ ብልጫ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አስቁሞ «መንገዱ ለምን አልተሠራም?» ብሎ መቆጣት ብዙም አይጠቅምም። ጉዳዩ አጀንዳ ላይ እንዲያዝ በጽሑፍ እንጠይቅ። በተለይ በጀቱ ሳይጸድቅ! ከጸደቀ በኋላ ገንዘብ ማዛወር ከባድ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እስከ ዓርብ ላኩልኝ፣ አሰባስቤ አስገባለሁ። ለስብሰባውም እባካችሁ ኑ።