የቮሊቦል ክበብ 2017፦ ትልልቆቹ፣ ትንንሾቹና ቲሸርቱ

አሳጥረህ ጻፍ ተብያለሁ፣ እሞክራለሁ።

የሴቶች ቮሊቦላችን ዘንድሮ በ14 ልጅ ነው የጀመረው። 6ቱ የ12ኛ ናቸው፣ ከ9ኛ ጀምረው አብረውኝ ያሉ፣ በአይን ሚግባቡ ልጆች። የቀሩት የ9ኛና የ10ኛ። ያው ቡድን ይዞ ሚያውቅ ያውቀዋል፣ ትልልቆቹን ስታሰልፍ ትንንሾቹ ቤንች ላይ ይደርቃሉ፣ ትንንሾቹን ስታስገባ ትልልቆቹ ያኮርፋሉ። እኔ ሁለቱንም አስከፍቻለሁ።

መጀመሪያ ላይ 6ቱንም የ12ኛ አሰለፍኩ፣ አራት አመት የለፋች ልጅን ተቀመጪ ማለት ከበደኝ፣ ይሉኝታ ነው በቃ። ጥቅምት ላይ ግን ቱቶሪያል ተጀመረ። በ2015 ከተፈታኙ 50 ፐርሰንትና በላይ ያመጣው 3.2 ፐርሰንት ብቻ እንደነበር ወላጅ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፣ እንዴት ብዬ ነው ኳስ ይቅደም ምለው? በዛ ላይ አምና ፒያሳ ሲፈርስ ቤተሰባቸው ወደ ከተማው ዳር የሄደ ሁለት ልጆች አሉ፣ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ብለው ልምምዱ ሳያልቅ ቦርሳቸውን ያነሳሉ፣ እኔም አይቼ እንዳላየሁ ነው።

ስለዚ ሚጢጢ ገባች። ስሟ አይደለም፣ የ9ኛ ልጅ ናት፣ ዘላም እጇ ከ2 ሜትር ከ24ቱ ኔት ጫፍ አይደርስም፣ ግን ምንም አይነት ሰርቭ ቢመጣ ታነሳዋለች። ካፒቴናችን ተቃራኒ ናት፣ ያው ቮሊቦል ላይ ቦታ በየተራ ይዞራል፣ ፊት ኔቱ ጋር ስትሆን ስማሿን ሚመልስ የለም፣ ኋላ ስትዞር ግን ሰርቭ መቀበል አትችልም። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ በክፍለ ከተማው ውድድር ካፒቴኗ ኋላ ስትዞር ሚጢጢን አስገባሁ፣ ፊት ልትሆን ስትል መለስኳት፣ ሰራ። 21 ለ 19 እየመራን እንደገና ኋላ ዞረች፣ ቅያሪ ስል ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። ለካ ቋሚ ተሰላፊ በአንድ ጌም አንዴ ወጥታ አንዴ ብቻ ነው ምትመለሰው፣ ቅያሪውም ቢሆን አንዴ ብቻ ነው ሚገባው! ስፖርት አስተምራለሁ እኮ፣ ይሄን ህግ ቦርድ ላይ ጽፌ አስረድቼዋለሁ። እነሱም ነቄ ናቸው፣ አራት ሰርቭ በተከታታይ ካፒቴኗ ላይ ላኩ፣ አራቱም ነጥብ ሆነ፣ 25 ለ 22 አለቀ።

ይቅርታ ልላት ስጠጋ ጫማዋን እየፈታች ቀና ሳትል «ቲቸር ሊቤሮ ያድርጓት እንጂ፣ ቅያሪ አይቆጠርባትም» አለችኝ። ልክ ናት። ሊቤሮ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ ያለ ቦታ ነው፣ ኋላ ላለች ተጫዋች ሁሉ እየገባች መውጣት ትችላለች፣ ስማሽ፣ ኔት ላይ ብሎክ ማድረግና ሰርቭ መምታት ግን አይፈቀድላትም፣ ሚጢጢ ደግሞ ስማሽ ድሮም የላት። ማልያዋ በቀለም መለየት አለበትና ከቀይ መስቀል ክበብ ነጭ ቲሸርት ተዋስን፣ ጉልበቷ ድረስ ስለሚደርስ ካፒቴኗ በየጨዋታው ወገቧ ላይ ታስርላት ነበር።

ከዛ በኋላ ግማሽ ፍጻሜ ደረስን፣ እዛ በንጹህ ጨዋታ ተሸነፍን። አንዲት የ10ኛ ልጅ ግን ተራዬ መቼ ነው ብላ ሁለቴ ጠይቃኝ ሁለቴም በሚቀጥለው ብያት በሶስተኛው ቀርታለች። እሷን በኔ ነው ያጣናት።

ግንቦት ላይ ትልልቆቹ ጥናት ገቡ፣ ካፒቴኗ ግን በምሳ ሰአት እየመጣች ሚጢጢን ሰርቭ ታስመታት ነበር፣ ከአስሩ ሶስቱ ኔቱን ያልፋል። የቀይ መስቀል ክበብ አስተባባሪ ቲሸርቱን አምጡ እያለችኝ ነው፣ ሚጢጢ አልመልስም ብላለች።